ጠመንጃውን እያወደስን ሠሪውን የሰደብን

ባለፈው እሑድ ማታ በኦንላይን ስብሰባችን ላይ የተናገርኩት ነው። መስመር የተቆረጠባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ በጽሑፍ አስቀመጥኩት።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፣ ታጠቁ ተኩሱ ልላችሁ አይደለም። ስለሚሠራው እጅ ነው የማወራው።

መጀመሪያ እንዴት እዚህ ወሬ ውስጥ እንደገባሁ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ሀገር ቤት ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ አጥቼ፣ በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። እዚህም ዲግሪዬን ዞር ብሎ የሚያይልኝ አላገኘሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ሶፋ ላይ እየተኛሁ ማመልከቻ እልካለሁ። ጎረቤታችን አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ መቀመጤ ሳያሳዝናቸው አልቀረም፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ኢንጂነር ነኝ አላልክም? ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝና ወደ ፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር አካባቢ ይዘውኝ ሄዱ።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ፣ ጎበዝ፣ ረጅም ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ ብቻ! ግማሹ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው፤ ግማሹ ደግሞ በዚህ ዓመት በእጅ ተሠርቶ ያለቀ። ሁሉም ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን በቀንድ ሰፍረህ በአፈሙዙ ታፈሳለህ። ክብ የእርሳስ አረር በስብ በተቀባ ጨርቅ ጠቅልለህ ከላይ ትጨምራለህ። በረጅም ዘንግ እስከ ታች ትጠቀጥቃለህ። ከዚያ ቃታው አጠገብ ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ቁንጣሪ ባሩድ ታደርጋለህ። ቃታውን ስትስብ ባልጩቱ ብረቱን ይመታና ፍንጣሪው ያቀጣጥለዋል። የለመደ ሰው እንኳ ለአንድ ተኩስ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አያቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ብለው የቀለዱበት ዓይነት መሆኑ ነው።

እኔን ግን ያስቆመኝ ጠመንጃው አይደለም። ጥግ ላይ የእኔ እኩያ የሚሆን ልጅ፣ ሽርጥ አስሮ፣ አንዲት የቃታ ብረት ይሞርዳል። ሰው ከቦታል። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የሚያዩት። በሙያው የተከበረ መሆኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ልጁ ሥራውን ከሥሩ አስረዳኝ። የድሮዎቹ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት እያጋሉ በዘንግ ላይ ይጠቀልሉታል፤ ጠርዝና ጠርዙን እየቀጠቀጡ ያጣብቁታል፤ ዘንጉ ሲወጣ ቧንቧ ሆኖ ይቀራል። ውስጡን ቦርቡረው ካስተካከሉ በኋላ ጠመዝማዛ ቦይ ይቆፍሩለታል፤ ያውም በእጅ እየተገፋና እየተጎተተ በሚዞር የእንጨት መሣሪያ፣ አንዷን ቦይ ደጋግመው እየፋቁ። አረሩ በዚያ ቦይ እየተሽከረከረ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ እኔ በቀመር ተምሬዋለሁ፤ ኤ አግኝቼበታለሁ። ቦዩ በምን እንደሚቆፈር ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። አራት ዓመት ተኩል መካኒካል ተምሬ በሞረድ አንድ ብረት አስተካክዬ አላውቅም። አትሳቁብኝ፣ ከእናንተም ውስጥ እንደኔ ያለ ብዙ ነው።

ይሄን ሙያ ወደዚያ አገር ያመጡት በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። አጭሩን የጀርመን አደን ጠመንጃ አስረዘሙት፣ አቀጠኑት፣ ሰደፉን ከሜፕል እንጨት ጠረቡለት፣ በጎኑ የናስ ክዳን አበጁለት። (ያ ጠመንጃ የስንቱን የአገሬው ተወላጅ መሬት እንደነጠቀ ጠረጴዛው ላይ አልተጻፈም። እኔ ግን አስቤዋለሁ።) ፋብሪካ ሲመጣ ሙያው ሊጠፋ ደረሰ። ቨርጂኒያ ውስጥ በታሪካዊቷ ዊሊያምስበርግ ዋላስ ጋስለር የሚባል ሰው በ1960ዎቹ እንደ ጥንቱ አድርጎ ሙሉ ጠመንጃ በእጁ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ፊልም ተሠራለት። ሊሞት የነበረ ሙያ አሁን የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ እጅ ላይ አለ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ከጠረጴዛዎቹ በአንዱ ላይ የእንግሊዞች የ1853 ኤንፊልድ ተጋድሞ አየሁ። እሱም ከአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው። ባለቤቱ «ይሄ በኋላ ስናይደር ሆነ» ሲለኝ ደሜ ቀዘቀዘ። ስናይደርን በስም አውቀዋለሁ፤ መቅደላ ድረስ የመጣብን እሱ ነው። እንግሊዞች ያን የድሮ ጠመንጃ አልጣሉትም። ከኋላው ቆርጠው የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ገጠሙለትና ከኋላ እንዲጎርስ አደረጉት። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይተኩስ የነበረው አሥር ገደማ ተኮሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ሜዳ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎች ጦርና ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ወረዱ። ጠላት መድፍና ሮኬትም ነበረው፤ የእኛ ግን ሁለተኛውን አረር እስኪጠቀጥቅ የስናይደሩ ጥይት ዘነበበት። 700 ገደማ ሰው ሞተብን፣ ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእንግሊዞቹ በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። በልጅነታችን የነገሩን ጀግንነቱን ነው፤ ጀግንነቱ ደግሞ እውነት ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ግን የልብ አልነበረም፤ የክዳንና የማጠፊያ ነበር።

ይሄን ከማናችንም በፊት ያወቁት ቴዎድሮስ ነበሩ። ለዚህም ነው ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ይዘው ሴባስቶፖልን ያሠሩት። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየቀደዱ ስድስት ወር ያህል አስጎተቱት። ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ምስሉ ስር ፎቶ ያልተነሳችሁ ስንት ናችሁ?

ይሄን ለጎረቤቴና ለልጁ በኩራት ተረኩላቸው። ሽማግሌው በጥሞና ሰሙኝና «አሁንስ እዚያ ብረት በእጁ የሚሠራው ማነው? ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ። ግን መናገር አልቻልኩም።

ለእናንተ ልንገራችሁ። እኔ የጋፋት አገር ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ከሰፈራችን ዳር አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው። የአያቴ ጠመንጃ ሲበላሽም የሚጠግኑት እሳቸው። አያቴ በዓል ሲመጣ ያን ጠመንጃ አንግበው ይፎክራሉ፤ ጠጋኙ ግን ቤታችን ገብተው ከእኛ ጋር አይበሉም፣ በደጅ ይሰጣቸዋል። ለሌላ ሽማግሌ «አባባ» የምል ልጅ እሳቸውን «አንተ» ነበር የምላቸው። አባቴም እናቴም አንድ ቀን አልተቆጡኝም።

ልጃቸው የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ሰባተኛ ክፍል አስተማሪው እኔ አጠገብ አስቀመጠው። «ቡዳ ነው» ብዬ ተነስቼ ወንበር ቀየርኩ። ክፍሉ ሳቀ። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተወ። በእኔ ብቻ ነው አልልም፤ በእኔም ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ ወንበር ቀየርኩ።

እዚህ ገጽ ላይ የምንለጥፈውን እስቲ ወደኋላ ሄዳችሁ እዩት። ጠመንጃ የያዘ አርበኛ በየሳምንቱ አለ። ወናፍ የሚነፋ ሰው አንድም የለም። እኔም ስንቱን ለጥፌያለሁ፣ ጣቴን ወደ ማንም መቀሰር አልችልም። ግን ያ አርበኛ ጠመንጃው ሲሰበር ወዴት የሄደ ይመስላችኋል? ጦሩንስ ማን ሳለለት? ሀገሬ ብለን የምንፎክርባት ሀገር ውስጥ ያ ሰውዬ አለ ወይስ የለም? ከሌለ የምንወደው ፎቶውን ብቻ ነው ማለት ነው።

ስንመለስ ሽማግሌው አንድ አሮጌ ሞረድ ሰጡኝ። ልጁ ደግሞ ጀማሪ ሁሉ የሚጀምርበትን ነግሮኝ ነበር፤ አንድ ቁራጭ ብረት ስድስቱንም ፊት ቀጥ አድርጎ ማስተካከል። ሁለት ሳምንት ሞርጄ አንዱ ፊት ገና ጎባጣ ነው። አክስቴ በድምፁ ተማርራ ምድር ቤት አውርዳኛለች።

የዚያን ጓደኛዬን ስልክ በአጎቴ ልጅ በኩል አገኘሁት። ባሕር ዳር የብየዳ ቤት አለው። ደወልኩ። ስሜን ስነግረው ዝም አለ፤ ከኋላው ግራይንደር ሲጮኽ ይሰማኛል። ስለ ወንበሩ ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። «አሁን ምን አስታወሰህ?» አለኝ። የሞረዱን ነገር አጫወትኩት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ትንሽ ቆይቶ ግን «ወደ ፊት ስትገፋው ነው የሚበላው። ስትመልሰው አንሳው፣ አትጎትተው። ጥርሱን ትፈጀዋለህ» አለኝና ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋው።

እሑድ እንደገና እደውልለታለሁ። ከፈቀደልኝ በሚቀጥለው ስብሰባችን እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።