ፊቱ ዝም ያለ አንበሳ

ጎልማሳ ሆኜም የእንስሳት አኒሜሽን ፊልም እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ዘ ላየን ኪንግ» ዛሬም አይቼ አልጠግበውም። በ2019 ጆን ፋቭሮ እንደ አዲስ የሠራው ፊልም ያሳዘነኝም ለዚህ ነው።

በኮምፒውተር የተፈጠረው አንበሳ ከእውነተኛው አይለይም፤ ነፋስ ሲነካው ጋማው ይርገበገባል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። እውነተኛ አንበሳ ሲያዝን ቅንድቡ አይሰበሰብም፣ ከንፈሩም አይንቀጠቀጥም። የቀድሞው ፊልም ሠዓሊዎች ግን የሰውን ሐዘን በአንበሳ ፊት ላይ በእርሳስ ሥለውት ነበር። ትንሹ አንበሳ ሲምባ የሞተውን አባቱን እየገፋ «ተነሣ» ሲለው፣ ዐይኑን አይተን እናለቅስ ነበር። ያ ትዕይንት በአዲሱም ፊልም አለ። ድምፁ ያለቅሳል፤ ፊቱ ግን ዝም ይላል። በሁለቱም ፊልሞች የአባቱን የሙፋሳን ድምፅ የተጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ ያ ግርማ ያለው ድምፅ እንኳ ፊልሙን አላዳነውም። ርዝመቱ ከ88 ደቂቃ ወደ 118 ደቂቃ አድጓል፤ የተጨመረው ጊዜ ግን ስሜት አልጨመረም።

እኛ ደግሞ ጅብና ቀበሮ ሲነጋገሩ እየሰማን ያደግን ነን። በአያቶቻችን ተረት ጅቡ አፉን የሚከፍተው ሆዳምነትን፣ ፍርሃትንና ብልጠትን ሊያሳየን ነው። ቆዳው ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀ ልጅ አላውቅም።

አዲሱ ፊልም ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። እናንተ ግን ከልጆቻችሁ ጋር ፊልም ለማየት ስትቀመጡ፣ እባካችሁ በእጅ የተሣለውን አስቀድሙላቸው።