ሜዳው ለልጁ ሲለካ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ልክና ስለ ልኬት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ምሳሌዬን ከድልድይ ወይም ከግድብ ሳይሆን ከልጆች ጨዋታ መምረጤ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ሆኖም ለሙያችን የሚበጅ ቁም ነገር አግኝቼበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ዊልያምስፖርት የምትባል ከተማ አለች። ካርል ስቶትዝ የተባለ ሰው ሊትል ሊግ የሚባለውን የልጆች ቤዝቦል በ1939 የመሠረተው በዚህች ከተማ ነው። በ1947 የተጀመረው ውድድርም እያደገ ሄዶ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ታዳጊዎች የሚገናኙበት የዓለም ሻምፒዮና ሆኗል።

ስቶትዝ የሠራው ሥራ የመሐንዲስ ሥራ ነው። በአዋቂዎች ሜዳ ሯጩ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው 27.4 ሜትር ይሮጣል። ይህ ርቀት ለልጅ እግርና ክንድ አይመጥንም። ስለዚህ የሰፈሩን ልጆች እያስሮጠና እያስወረወረ ከፈተነ በኋላ ርቀቱን ወደ 18.3 ሜትር፣ ማለትም ወደ ሁለት ሦስተኛ አወረደው። ልጁን ለሜዳው ሳይሆን፣ ሜዳውን ለልጁ ለካ።

ይሁን እንጂ መለካት ብቻ አይበቃም፤ የሚለካውን ነገር መምረጥም ያስፈልጋል። ከ2007 በፊት የኳስ ወርዋሪው ድካም የሚገመተው በተሰለፈባቸው ዙሮች ቍጥር ነበር። ነገር ግን አንዱ ዙር በ10 ውርወራ ሲያልቅ ሌላው 30 ሊፈጅ ይችላል። ብረት አንዱን ከባድ ጭነት ችሎ፣ በሚደጋገም ቀላል ጭነት ሊሰበር እንደሚችል እናውቃለን፤ አጥንቱ አድጎ ያልጨረሰ ልጅ ክርንም እንዲሁ ነው። ከ2007 ወዲህ የሚቈጠረው ውርወራው ነው። የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ በቀን 85 ከደረሰ በኋላ አዲስ መቺ አይገጥምም፤ 66 ወይም ከዚያ በላይ የወረወረም አራት ቀን ያርፋል።

ክቡራትና ክቡራን፣

የትክክለኛ ልክ ጠላት የድል ጥማት ነው። በ2001 ከኒውዮርክ የመጣ ቡድን ሦስተኛ ከወጣ በኋላ ዋናው ወርዋሪው የ14 ዓመት ልጅ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ውጤቱም ተሰረዘ። የሐሰቱን የልደት ወረቀት ያዘጋጁት ግን አዋቂዎች ነበሩ። በ2011 ደግሞ የማጣሪያውን ውድድር ያለፈ የኡጋንዳ ቡድን፣ በልደት ማስረጃዎች ላይ በተነሣ ጥያቄ ምክንያት ቪዛ ተከልክሎ ቀረ። በዓመቱ፣ በ2012፣ ከሉጋዚ የመጡ የኡጋንዳ ልጆች በዚያ ሻምፒዮና የተጫወቱ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ለመሆን በቁ። መዝገብ ሲጠፋ ወይም ሲጭበረበር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ያልበደለው ልጅ ነው።

እኛም የምንሰጠው የአፈር ምርመራ ውጤትና የምንፈርመው የኮንክሪት ጥንካሬ ማስረጃ እንደዚያ የልደት ወረቀት ነው። የሥራው ባለቤት «ቶሎ ይለቅልኝ» ብሎ ሲያስጨንቀን፣ ቍጥሩን በጥቂቱ ማስተካከል ቀላል መስሎ ይታየናል። በሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ቆሞ አይከራከርም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር ስንጠቅስ፣ የለካነውን እንደ ለካነው መጻፍንም አንርሳ።