ሁለት መዝገብ እንዴት ይገናኛል?
(በጋፋት ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ በጋፋት ሴባስቶፖልን ያሠሩት፣ መድፍ ከውጭ ከመለመን ይልቅ ጥበቡ በአገር ውስጥ እንዲገኝ ስለ ፈለጉ ነበር። እኛም በየቀኑ የምንገለገልበትን ዳታቤዝ ከፍተን ውስጡን ብናይ ተገቢ መስሎ ታየን።

የተማሪዎች ስም በአንድ ሠንጠረዥ፣ የፈተና ውጤት በሌላ ሠንጠረዥ ተጽፏል እንበል። ተማሪው 5,000፣ ውጤቱ 40,000 ቢሆን፣ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ማስተያየት 200,000,000 ጊዜ ይጠይቃል። ሃሽ ጆይን የሚባለው ዘዴ ይህን ድካም ያስቀራል። በመጀመሪያ አነስተኛውን ሠንጠረዥ አንብቦ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ መለያ በሒሳብ ቀመር ወደ ቁጥር ይለውጥና ቁጥሩ ባመለከተው ሣጥን ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ትልቁን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ እያነበበ፣ በዚያው ቀመር ሣጥኑን ያገኛል። ሁለት የተለያዩ መለያዎች በአንድ ሣጥን ሊገቡ ስለሚችሉም፣ መለያዎቹን ራሳቸውን ያመሳክራል። እንግዲህ የሚነበበው 45,000 ረድፍ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሚሞሪው ባይበቃስ? ሁለቱም ሠንጠረዦች በቀመሩ ተከፋፍለው ወደ ዲስክ ይጻፉና ክፍል ከክፍል ጋር በተራ ይጋጠማል። ፖስትግሬስኪውኤል የመጀመሪያውን ክፍል በሚሞሪ አስቀርቶ የቀረውን እንዲሁ ያደርጋል። ማይኤስኪውኤልም ዘዴውን በ2019 እ.ኤ.አ. በ8.0.18 እትሙ ጨምሯል።

ነገር ግን ቀመሩ የሚያውቀው ፍጹም እኩልነትን ብቻ ነው። መዝገቦቹ በስም ከተገናኙ፣ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለጆሮአችን አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሞክሼ ፊደላት ቁጥር ይለያያልና። ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አይጮኽም፤ ረድፉን ዝም ብሎ ይተወዋል፤ ተማሪዋም የደከመችበትን ውጤት ታጣለች። በአንጻሩም የራስና የአባት ስማቸው የገጠመ ሁለት ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ውጤት ይወስዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። 1ኛ፣ ማገናኛው ስም ሳይሆን የመታወቂያ ቁጥር ይሁን። 2ኛ፣ በስም ማገናኘት ግድ ከሆነ፣ ሞክሼዎቹ በሁለቱም መዝገብ በአንድ ደንብ ተስተካክለው ለማገናኛ ብቻ ያገልግሉ፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን ለምስክር ወረቀቱ እንዳለ ይጠበቅ። 3ኛ፣ ሳይገጥም የቀረው ሁሉ በዝርዝር ወጥቶ ሰው ይመልከተው።

ፊደላችን ይቀነስ ማለታችን አይደለም፤ መሣሪያውን የሚያዘው ሰው ፊደሉን ይወቅ ማለታችን ነው እንጂ።