ፕሮሶፒስ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይቻላል



ዛሬ የምንነጋገረው ከሩቅ አገር መጥቶ መሬታችንን ስለ ያዘ አንድ ዛፍ ነው። ስሙ ፕሮሶፒስ ነው። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። የተተከለው ጥላ እንዲሰጥ፣ ነፋስ እንዲያግድና አፈር እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዛፉ ግን በተተከለበት አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በአፋር የያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆኖ ተገኘ። ግጦሽ ጠፋ፤ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት መንገድ በእሾህ ተዘጋ።

ታዲያ ዛፍ እግር የለውም፤ እንዴት ሄደ? በከብት ሆድና በጎርፍ ነው የሄደው። ፍሬው እንደ አደንጓሬ የረዘመና የሚጣፍጥ ነው። ላሙም፣ ፍየሉም፣ ግመሉም ይበላዋል። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ብዙው ሳይደቅ ከእበት ጋር ይወጣል፤ እዚያው እበቱ ላይ ይበቅላል። የቀረውን ጎርፍ ይወስደዋል።

መንገዱ ከታወቀ የሚደርስበትም ይገመታል። ባለሙያዎች በሳተላይት ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከዓመት ዓመት ያስተያያሉ። የቦታውን ሙቀት፣ ከወንዝና ከመንገድ ያለውን ርቀት ይመለከቱና የሚያሰጋውን ቦታ በካርታ ያመለክታሉ። ቆላና ውሃ ገብ መሬት ይስማማዋል፤ ውርጭ ያለበት ደጋ አይስማማውም። ይሁን እንጂ ሳተላይት ከሣር መካከል ያለችውን አንዲት ቡቃያ ለይቶ አያይም። እሷን የሚያይ እረኛ ነው።

ስለዚህ በቆላ ያለን ሰዎች ዝናቡ ሲያባራ በበረት ዙሪያ፣ ከብት ውሃ በሚጠጣበት፣ በቦይና በመንገድ ዳር፣ ጎርፍ በተኛበትም እንይ። ቡቃያው ትንሽ ሳለ ከነሥሩ በእጅ ይነቀላል። ካደገ በኋላ ግን ዶማ ይጠይቃል፤ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ሥሩ መቆረጥ አለበት። ለከሰል ብንቆርጠው ያልቃል የሚሉ አሉ። ጉቶው ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እንዲያውም አንዱ ግንድ ብዙ ሆኖ ይወጣል።

ዛፉ ካለበት አገር የተገዛ ከብት ሲመጣ ጥቂት ቀን ለብቻው ይታሰር፤ የታሰረበትም ቦታ በሚቀጥለው ክረምት ይጎብኝ። ፍሬውን ለከብት መስጠት የሚፈልግም በመጀመሪያ ይፍጨው። ዘሩ ከደቀቀ አይበቅልም።