ቀስ ብሎ መናገርና ራስን ማዳመጥ

(በካኩማ ለብሎክ ተጠሪዎችና ለወጣቶች ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ንግግር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ውሃና ራሽን ባሳሰበን ጊዜ ስለ ንግግር ምን ያወሩናል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩን ያመጣነውም ስለ ውሃና ስለ ራሽን ብለን ነው። የአንድ ብሎክ ተጠሪ ችግሩን ለማስረዳት ስብሰባ ላይ ሲነሳ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያችም ላይ ግማሹን አስተርጓሚው ይወስዳታል። እንግዲህ ደጋግመን ያየነው ይህን ነው፤ ተጠሪው የአሥር ደቂቃውን ነገር ሳይተነፍስ በአራት ደቂቃ ያወርደዋል፣ አስተርጓሚው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፣ ቃለ ጉባዔ ያዡ ደግሞ በአንድ መስመር ያሰፍረዋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው «ነዋሪዎች ስለ ውሃ ቅሬታ አቀረቡ» የሚል ብቻ ይሆናል። የትኛው ቧንቧ፣ ስንት ቤተሰብ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው የለም። አስተርጓሚውን ማማት ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይመስለንም።

አንዱ ምክንያት የቋንቋችን አሠራር ነው። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ቀደም ብሎ ይመጣል። ስለዚህ አስተርጓሚው የእኛን ግሥ እስኪሰማ ድረስ አፉን መክፈት ይቸግረዋል። «ባለፈው ሳምንት የመጡት ሠራተኞች እንጠግነዋለን ብለውን የሄዱት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ቧንቧ...» እያልን በጎተትነው መጠን እርሱ ያን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ይጠብቃል። ሲደክመውም ያራግፈዋል። እስቲ እንዲህ እንበለው፦ «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ቧንቧ ተሰብሯል። ከተሰበረ ስምንት ቀን ሆነው። ሠራተኞች መጥተው አይተውታል። አልጠገኑትም።» በየአራት ነጥቡ ቆም ይባላል፤ አስተርጓሚው ይቀጥላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። ብዙ ተናጋሪ ሲጀምር ድምፁ ከፍ ይልና ወደ መጨረሻው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የመጨረሻዋን ቃል ይውጣታል። የተዋጠችው ቃል ግን ግሡ ናት። «ደርሶናል» ይሁን «አልደረሰንም» የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ስንቸኩል ማጥበቅና ማላላትም ይጠፋል። «አለ» ላልቶ ሲነገር አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር መኖሩን ያመለክታል። «ይሰጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ሰ»ን ካላጠበቅናት ሰጪው ሰው ነው፣ ካጠበቅናት የሚሰጠው ዕቃ ነው። በጽሑፍ ልዩነቱ አይታይም፤ የሚታወቀው በአፍ ብቻ ነው።

ቆም ማለት ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። ዝም ካልን ሌላው የሚነጥቀን ወይም የማናውቅ የምንመስል ይመስለናል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ እርሳቸውም ስደተኛ ነበሩ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ረበሹ። ንጉሠ ነገሥቱ መልስ አልሰጡም፤ ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። (ስለ አገዛዛቸው እያንዳንዳችን የየራሳችን አስተያየት አለን፤ እርሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።) የኛ ስብሰባ ላይ ፉጨት የለም። ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ግን እስኪያልፍ መጠበቅ የማንንም ክብር አይቀንስም።

ልምምዱን እንዴት እናድርገው? በክፍላችን የምንሠራው ይህን ነው። ከ80 እስከ 90 ቃል ያለው ጽሑፍ እንወስድና ሰዓት ይዘን በአንድ ደቂቃ ለማንበብ እንሞክራለን። በነጠላ ሰረዝ ትንሽ ትንፋሽ፣ በአራት ነጥብ ሙሉ ትንፋሽ። በ35 ሴኮንድ የጨረሰ እንደገና ይጀምራል። ወጣቶቹ ይሥቃሉ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ለውጡ ይሰማል።

ቀጥሎ መቅዳት ነው። ድሮ ቴፕ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ይበቃል። የራሳችንን ድምፅ መጀመሪያ ስንሰማ የሌላ ሰው ይመስለናል፣ እናፍራለን። ይህ የሁሉም ሰው ነው። ስንናገር ድምፃችንን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው በስልኩ ውስጥ ሲቀጥን ይገርመናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ ዝም ብላችሁ ስሙት። ሁለተኛውን ጊዜ ደብተር ያዙና «እ...»፣ «ማለት ነው»፣ «ምናምን» ባላችሁ ቁጥር ጭረት አድርጉ። ሦስተኛውን ጊዜ ስብሰባው ላይ ላልነበረ ጎረቤት አሰሙት። ከዚያ «ምን ጠየቅን? ማንን? እስከ መቼ?» በሉት። ጎረቤት መመለስ ካቃተው ቃለ ጉባዔ ያዡም አይመልሰውም።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ይህ ልምምድ የግል ጉዳያችሁን ለምትናገሩበት ኢንተርቪው ታሪክ ለማጥናት አይደለም። በቃል የተጠና ታሪክ ያስታውቃል፤ እውነተኛውንም ሰው ያስጠረጥረዋል። ለኢንተርቪው የሚጠቅመው ፍጥነቱ ብቻ ነው፤ ጽሕፈቱ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ቀኑንና ቦታውን ለይቶ መናገር፣ አስተርጓሚው ካልገባችሁ ወይም እናንተ ካልገባችሁት እዚያው ወዲያውኑ መናገር። ካለፈ በኋላ በር ላይ ቆሞ «እንዲህ አላልኩም» ማለት ከባድ ነው።

የሚቀጥለው ልምምድ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው። እያንዳንዱ ተጠሪ የብሎኩን አንድ ጉዳይ ይዞ ይመጣል፤ ጊዜው ሦስት ደቂቃ ነው። እናቶች ቀድመው ይናገራሉ፣ ምክንያቱም በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሳቸው እነርሱ ናቸው። ስልክ ያለው ባትሪውን ሞልቶ ይምጣ።