ቁርኣንና ሐዲስ፦ የኑዛዜው ጥያቄ



ቁርኣን ሶላትን ያዝዛል፤ የረከዓዎቹን ቁጥር ግን የምናገኘው ከሐዲስ ነው። በዚህ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚበረታው ሁለቱ የተጋጩ ሲመስሉ ነው።

ሱረቱል በቀራህ ቁጥር 180 ሞት የቀረበው ባለሀብት ለወላጆቹና ለቅርብ ዘመዶቹ እንዲናዘዝ ያዝዛል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ለወራሽ ኑዛዜ እንደሌለ ይናገራል። ታዲያ ሐዲስ ቁርኣንን ይሽራልን? በ820 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ሻፊዒ ቁርኣንን የሚሽረው ቁርኣን ብቻ ነው ይላሉ፤ በእርሳቸው ዘንድ የኑዛዜውን አንቀጽ የተኩት በሱረቱን ኒሳእ የተደነገጉት የውርስ ድርሻዎች ናቸው፤ ሐዲሱ ይህንኑ ያመለክታል። የሐነፊ ሊቃውንት ግን በብዙዎች ቅብብል የጸና ሐዲስ ሊሽር ይችላል ባዮች ናቸው።

ነገሩ የሊቃውንት እሰጥ አገባ ብቻ ይመስል ይሆናል። አይደለም። እንደ ወሎ ባለ አገር፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ሃይማኖት በሚይዝበት፣ ክርስቲያን እናት ያለችውን ሙስሊም አስቡ። ሙስሊምና ክርስቲያን እንደማይወራረሱ ሐዲስ ስለሚደነግግ እናቲቱ ወራሽ አይደለችም። አንቀጹ ፈጽሞ ከተሻረ፣ ብዙኃኑ እንደሚሉት፣ ከሀብቱ እስከ ሲሶ ሊናዘዝላት ይፈቀድለታል፤ አይገደድም። የተሻረው ለወራሾች ብቻ ከሆነ ግን፣ የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝም እንዳሉት፣ ለማይወርስ ዘመድ መናዘዝ ግዴታው ነው። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ።