በዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል ላይ የተገኘው ቅድመ አያት



በቤታችን ሲነገር የኖረው ቅድመ አያታችን ዓድዋ ዘምቶ፣ ጋሻ ማርኮ መመለሱ ነው። ታሪኩ በየሰርጉና በየተዝካሩ ይወሳል፤ ጋሻውም አለ። ነገሩን ያበላሸው ዳዊቱ ነው።

የብራና ዳዊት ያለው ቤት መዝገብ አለው ማለት ይቻላል። ልደቱም፣ ሞቱም፣ የርስት ድልድሉም ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር። በእኛው ዳዊት መጨረሻ፣ ከመዝሙሩ ጸሐፊ እጅ ፈጽሞ በማይገጥም የተንጋደደ ጽሕፈት፣ የቅድመ አያታችን ልደት ሰፍሯል፦ ዘመነ ማርቆስ፣ ወርኃ ኅዳር፣ ከብት ባለቀ ማግስት። ዓመተ ምሕረት የለውም። ማርቆስ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ 1874ም፣ 1878ም፣ 1882ም፣ 1886ም የእሱ ናቸው። የሚለየን ከብቱ ነው። በ1880 ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ አስከተለ። እንግዲህ ልጁ የተወለደው ኅዳር 1882 ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ሲዋጉ እሱ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር።

ታዲያ የዘመተው ማን ነው? አባቱ ይመስለኛል። ልጅ የአባቱን ስም ከራሱ ስም አስከትሎ ስለሚጠራ፣ አፍ ለአፍ ሲወርድ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆነው ይቀራሉ። የፈረስ ስም ሲጨመርበትማ ጭራሹኑ ይደባለቃል።

አባትየውን ያገኘነው በርስት ሙግት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ ተሟጋች ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት መቁጠር ነበረበት፤ ከማንም ያልተካሰሰ ደግ ሰው ለእኛ ለፈላጊዎቹ አይመችም! የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ሽማግሌዎቹም ያን ያህል የሚቆጥሩበት ምክንያት አጡ። የአባትየው ልጆች የተሟገቱበት ወረቀት ግን ከሣጥን ወጣ። ዳዊቱ አባትየውን በክርስትና ስሙ፣ ወረቀቱ በዓለም ስሙ ይጠራዋል። አንድ ሰው መሆኑን ያረጋገጠችልን ሚስቱ ናት፤ በሁለቱም ላይ የአንድ ደብር መሪጌታ ልጅ ተብላ ተጽፋለች።

ስለ ዓድዋ ሁለቱም አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ወረቀቱ የሚለው ሰውዬው ያረሰው መሬት የሚስቱ ወገን ርስት እንደነበር ነው። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ እምብዛም ደስ አላላቸውም።